200 ዲግሪ የቻለው ሲል በጠዋት ለምን አፈሰሰ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሜካኒካል ምሕንድስና የማስተርስ ተማሪዎች ለአውሮፕላን ሃይድሮሊክ አክቹዌተር፣ ማለትም በዘይት ግፊት ሮድ (ዘንግ) እየገፋ የአውሮፕላን ክፍሎችን ለሚያንቀሳቅስ ሲሊንደር የሚሆን፣ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችል የፖሊመር (የጎማ ወይም የፕላስቲክ) ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ የሚያትም ማሸጊያ፣ ለመሥራት ርዕስ ይዘዋል። ከመርካቶ ያስመጡት የቫይተን (ሙቀት የሚችል ጎማ) ኦሪንግ፣ ማለትም ክብ የማሸጊያ ቀለበት፣ በላቦራቶሪ ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ሦስት ቀን ቆይቶ አልተቃጠለም፣ አልተሰነጠቀም። ያንኑ ኦሪንግ በሙከራ ሲሊንደር ላይ ገጥመው በቀዩ የአውሮፕላን ዘይት እስከ 150 ዲግሪ ሲያሞቁት ጠብታ አልወጣውም። ሲሊንደሩ ሲያድር ግን ጠዋት ፓምፑ ገና ሳይነሳ በሮዱ ዙሪያ ዘይት ወርዶ አገኙት። «ቫይተኑን ትተን ወደ ፒክ (ጠንካራው ፕላስቲክ) እንሂድ ወይስ ወደ ቴፍሎን? የትኛው ፖሊመር ይሻላል?» ይላሉ።

ሰላም ለእናንተ። ፖሊመር ከመምረጣችሁ በፊት የጠዋቱን ፍሳሽ በደንብ ልታዩት ይገባል፤ ከሙከራችሁ ሁሉ ትልቁ ውጤት እሱ ነው። ሲሉ የሞተው ተጨምቆ በሞቀበት ጊዜ ነው፤ ጠዋት የታየው መሞቱ ብቻ ነው። ለከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ ሲል የሚፈተነው ሲሞቅ ሳይሆን ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የኦሪንጋችሁ ውፍረት 3.53 ሚሊሜትር፣ የመቀመጫው፣ ማለትም ኦሪንጉ የሚገባበት ቦይ፣ ጥልቀት ደግሞ ክፍተቱን ጨምሮ 3.00 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጭመቃው 0.53 ሚሊሜትር ወይም 15 በመቶ ይሆናል። ጎማ ተጨምቆ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ሰንሰለቶች አዲስ ትስስር ይፈጥራሉ፣ አሮጌው ይበጠሳል፤ ስለዚህ የተጨመቀበትን ቅርጽ እንደ ራሱ ቅርጽ ይይዛል። ለዓመታት እንደተተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሲለቁትም አይመለስም። ይህ የማይመለሰው ድርሻ፣ ማለትም የጭመቃ ቅሪቱ፣ 80 በመቶ ከደረሰ ከ0.53 ሚሊሜትሩ የሚተርፈው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ታዲያ በ150 ዲግሪ ለምን አላፈሰሰም? የቫይተን ዓይነት ጎማ በእያንዳንዱ ዲግሪ የሚረዝመው ከብረት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ከክፍሉ ሙቀት 125 ዲግሪ ሲጨምር ውፍረቱ በ0.07 ሚሊሜትር ገደማ ያብጣል፤ የጠፋውን ጭመቃ ሙቀቱ ራሱ ይሸፍነዋል። ከዚያም ላይ ግፊት አለ፤ ግፊት ኦሪንጉን ወደ ክፍተቱ ገፍቶ ራሱ ያትመዋል። ጠዋት ላይ ሁለቱም የሉም። የጅማ ሌሊት እስከ 12 ዲግሪ ሲወርድ ጎማው ተሰብስቧል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ሮዱም በገዛ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ቢያዘነብል ከ0.1 ሚሊሜትሩ ግማሹ በላይኛው በኩል ይሄዳል። የቀረው ጭመቃ ዘይቱን የሚገታ አይደለም። በ12 ዲግሪ ይህ ከሆነ አውሮፕላን በከፍታ በሚያገኘው ብርድ ምን እንደሚሆን አስቡት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የቻሌንጀር መንኮራኩር የጠፋው ከዚሁ የጎማ ቤተሰብ የተሠራ ኦሪንግ በብርድ ጥዋት መገጣጠሚያው ሲከፈት በፍጥነት ተከትሎ ሊዘጋው ባለመቻሉ ነው፤ ያ ጎማ ሙቀት የሚችል ተብሎ የተመረጠ ነበር።

በመጀመሪያ ግን የገዛችሁት በእርግጥ ቫይተን መሆኑን አረጋግጡ። ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ ቡናማም አረንጓዴም ጥቁርም ይመጣል፣ ሌላውም ጎማ በተመሳሳይ ቀለም ይቀባል። ክብደት ግን አይዋሽም። ቫይተን የሚባለው ፍሎሮካርቦን ጎማ ጥግግቱ በሴንቲሜትር ኩብ ከ1.8 እስከ 1.9 ግራም ነው፤ ከሌሎቹ የሲል ጎማዎች ናይትራይል ከ1.2 እስከ 1.3፣ ኢፒዲኤም ደግሞ 1.1 አካባቢ ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 25፣ ውፍረቱ 3.53 ሚሊሜትር የሆነ ኦሪንግ ይዘቱ 0.88 ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ፣ ቫይተን ከሆነ ሚዛን ላይ 1.6 ግራም፣ ናይትራይል ከሆነ 1.1 ግራም አካባቢ ያነባል። በሌላ መጠን ከሆነ በክር አንጠልጥላችሁ አንዴ በአየር፣ አንዴ በውኃ ውስጥ መዝኑት፤ የአየሩን ክብደት ለሁለቱ ልዩነት አካፍሉ። ሦስት የአሥርዮሽ ቤት ያለው የኬሚስትሪ ክፍል ሚዛን ይበቃል። ላዩ ላይ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የሳህን ማጠቢያ ሳሙና ጣሉበት።

እውነተኛ ቫይተን ሆኖም የጭመቃ ቅሪቱ 80 በመቶ ከደረሰ የሚጠረጠረው ሁለተኛው ማብሰል ነው። ይህ ጎማ በፕሬስ ውስጥ በ175 ዲግሪ ገደማ ለ10 ደቂቃ ያህል ከበሰለ በኋላ፣ ከሻጋታው ወጥቶ አየር በሚዘዋወርበት ምድጃ ከ200 እስከ 230 ዲግሪ ከ16 እስከ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ርካሹ ምርት ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ጥቂት ኦሪንጎችን ሳትጨምቁ 230 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት አቆዩና ካልታከሙት ጋር እኩል ጨምቃችሁ ፈትኑ። የታከሙት በጉልህ ከተሻሉ ችግሩ የአመራረት እንጂ የቁሱ አልነበረም። የስካቫተር ሲል ኪት ውስጥ የሚመጣውን ፖሊዩሪቴን ደግሞ ከነአካቴው ከዚህ ሥራ አውጡት፤ ከ100 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፣ እርጥበት ካገኘ ይፈራርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈሳሹ ነው። የጥናታችሁ ርዕስ «200 ዲግሪ» ይላል እንጂ በምን ፈሳሽ ውስጥ እንደሆነ አይልም፤ ያለዚያ ግን የሲል ምርጫ የለም። ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈው ዳሽ 8 ኪው400 ሃይድሮሊኩ በ3,000 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ207 ባር የሚሠራ ሲሆን ፈሳሹ ሐምራዊው ፎስፌት ኤስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ፈሳሽ ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም በዚሁ ፈሳሽ ይሠራሉ፤ ኤ380፣ ኤ350 እና ቦይንግ 787 ግፊቱን ወደ 5,000 ፒኤስአይ አሳድገውታል። ተራ ቫይተን በፎስፌት ኤስተር ውስጥ አብጦ ይበላሻል፤ እዚያ የሚገባው ኢፒዲኤም ነው። ኢፒዲኤም በተራው በማዕድን ዘይት ውስጥ ያብጣል። ሁለቱን ማቀያየር በሲል ሥራ ውስጥ ከሚፈጸሙ ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ አንዱን ኦሪንግ በሌላው ዘይት በነካ እጅ መቀባት እንኳ አይገባም።

ከዚህም በላይ ፎስፌት ኤስተር ለረጅም አገልግሎት የሚታሰበው እስከ 107 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ፣ በተለይ ውኃ ካለበት፣ ተበጣጥሶ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱንም ሲሉንም ይበላል። ስለዚህ 200 ዲግሪ የሚችል ሲል ለዚህ ፈሳሽ መሥራት ፈሳሹ ራሱ የማይደርስበትን ቦታ መጠበቅ ነው። እናንተ የተጠቀማችሁበት ቀዩ የማዕድን ዘይት፣ በአሜሪካ ጦር መስፈርት ስሙ ሚል 5606 የሚባለው፣ ከ54 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 135 ዲግሪ ነው። 150 ላይ ያደረጋችሁት ሙከራ ከዘይቱ ወሰን ውጪ ነበር፤ ስለ አደጋው ወደ ታች እመለስበታለሁ። ለእናንተ የሚስማማው ሚል 83282 የሚባለው ሰው ሠራሽ ሃይድሮካርቦን ነው፤ በተዘጋ ሲስተም ከ40 ከዜሮ በታች እስከ 205 ዲግሪ ያገለግላል። ርዕሳችሁን በዚህ ፈሳሽ ወስኑት።

ሙቀቱ የሚገኝበትንም ቦታ ለዩ። ከማረፍ በኋላ ከፍሬን ዲስክ ወደ ፍሬን ፒስተን የሚፈስ ሙቀት፣ በሞተሩ አጠገብ ያለ አክቹዌተር፣ የራሱን ፓምፕና ጥቂት ዘይት ይዞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አክቹዌተር፣ ሦስቱም ይሞቃሉ፤ አሞቃቃቸው ግን አንድ አይደለም። የፍሬኑ ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፣ የኤሌክትሪኩ ለሰዓታት ይቆያል። ኮንኮርድ በድምፅ ሁለት እጥፍ ሲበር ቆዳው ስለሚግል በ4,000 ፒኤስአይ የሚሠራ፣ ከተለመደው የተለየ የሲሊኬት ኤስተር ፈሳሽ ነበረው። በጥናታችሁ «200 ዲግሪ» ሲባል በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ፤ 50 ሰዓትና 5,000 ሰዓት የተለያዩ ቁሶች ናቸው።

አሁን ወደ ምርጫው። ተራ ቫይተን በብርድ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ አቅሙን የሚያጣው 17 ከዜሮ በታች አካባቢ ነው፤ ለብርድ የተዘጋጀው ዓይነት እስከ 30 ከዜሮ በታች ይሄዳል። ፍሎሮሲሊኮን ሁለቱንም ጫፍ ይደርሳል፣ ነገር ግን በእንቅስቃሴ ቶሎ ስለሚበላና ስለሚቀደድ ለማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ እንጂ ለሮድ አይሆንም። ፐርፍሎሮ ጎማ ሙቀቱን በደንብ ይችላል፣ ዋጋው ግን ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ብርዱ ላይም ደካማ ነው። ለሮዱ የምመክራችሁ ጎማን ጨርሶ ከኃይል ሰጪነት ማውጣት ነው፤ ማለትም ሙሌት (የተቀላቀለ ማጠንከሪያ) ያለው፣ ሮዱን የሚነካ የቴፍሎን ከንፈር፣ በውስጡ የማይዝግ ብረት ስፕሪንግ፣ ከኋላው የፒክ ደጋፊ ቀለበት። ስፕሪንግ በ200 ዲግሪ ጭመቃውን እንደ ጎማ አያጣም፣ በ54 ከዜሮ በታችም አይደርቅም። የጠዋቱን ፍሳሽ ከሥሩ የሚያስቀረው ይህ ነው።

ፒክ ለብቻው ሲል አይሆንም። ጠንካራ ስለሆነ የሮዱን ጥቃቅን ጉድለት ተከትሎ አይቀመጥም። የመስታወት ሽግግሩም፣ ማለትም መለስለስ የሚጀምርበት ሙቀት፣ 143 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የሚቀልጠው 343 ላይ ቢሆንም፣ በ200 ዲግሪ ሙሌት የሌለው ፒክ ጥንካሬው ከአሥር እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ለደጋፊ ቀለበት 30 በመቶ የካርቦን ወይም የመስታወት ክር ያለውን ውሰዱ። ሥራው አንድ ነው፤ ቴፍሎኑ በ207 ባር ተገፍቶ በሮዱና በቤቱ (ሮዱ በሚያልፍበት የሲሊንደር አካል) መካከል ወዳለው ክፍተት እንዳይፈስ መከልከል። ሲል አውጥታችሁ ጫፉ እንደ ተነከሰ ተቦጫጭሮ ካገኛችሁት ክፍተቱ ሰፍቷል ወይም ደጋፊው ለስልሷል ማለት ነው። ክፍተቱን በክፍሉ ሙቀት ሳይሆን በ200 ዲግሪ አስሉት፤ የአሉሚኒየም ቤት ከብረት ሮድ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚረዝም ሲሞቅ ክፍተቱ ይከፈታል።

የቴፍሎኑን ሙሌት በተመለከተ ከ15 እስከ 25 በመቶ ካርቦንና ግራፋይት ያለው ለመነሻ ጥሩ ነው። የመስታወት ሙሌት ያልጠነከረ ሮድን ይፍቃል። የነሐስ ሙሌት ሙቀት በማስተላለፍ የሚደነቅ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው መዳብ የሞቀ ዘይትን ኦክሳይድ መሆን ያፋጥናል። ዱቄት ገዝታችሁ ራሳችሁ አትጠብሱ፤ በ370 ዲግሪ አካባቢ የሚደረገው ጥብሰት የምድጃ ቁጥጥሩ ትክክል ካልሆነ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ዝግጁ ባር ገዝታችሁ በቶርኖ አውጡት። በመጀመሪያ ግማሽ ሚሊሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ 250 ዲግሪ ላይ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት አቆዩትና በሰዓት ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ አቀዝቅዙት። ያለዚህ የማስታገሻ ሙቀት የመጨረሻው ልክ በአገልግሎት ላይ ይጠመዘዛል። ቢላው ምላጭ ሊሆን ይገባል፤ የደነዘዘ ቢላ ቴፍሎንን አይቆርጠውም፣ ይገፋዋል።

እዚህ ላይ በጅማ አየር በተለይ የሚያስቸግር ነገር አለ። ቴፍሎን 19 ዲግሪ ላይ የክሪስታል አደራደሩን ይለውጣል፣ በዚያች ጠባብ ሙቀት ውስጥ ይዘቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀየራል። የጅማ ወርክሾፕ ደግሞ ጠዋት ከ19 በታች፣ ከሰዓት ከ25 በላይ ነው። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተለክቶ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደገም ከ0.15 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ የሲል ልክ ከሚፈቅደው ስህተት በላይ ነው። ለኪው ሰው አልተሳሳተም፣ ማይክሮሜትሩም ደህና ነው። መፍትሔው ቀለበቱንም መለኪያውንም 23 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ መለካት ነው። ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ያለው ክፍል ከሌለ ቴርሞስታት ያለው ትንሽ ኢንኩቤተር ይበቃል።

ኦሪንግ የምትተዉባቸው ቋሚ መገጣጠሚያዎች ካሉ መቀመጫው በጎማው ምን ያህል እንደሚሞላ አስሉ። የ3.53 ሚሊሜትር ኦሪንግ የመስቀለኛ ስፋቱ 9.8 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ መቀመጫው 3.0 በ4.8 ከሆነ 14.4 ነው፣ 68 በመቶ ተሞልቷል። በሙቀት 7 በመቶ፣ በዘይት 10 በመቶ ሲያብጥ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል፣ ደህና ነው። የዘይቱ እብጠት 25 በመቶ ከሆነ ግን 91 በመቶ ይሆናል፤ የልክ ስህተት ሲደመርበት መውጫ ያጣው ጎማ የመቀመጫውን ጠርዝ ጥሶ ይወጣል። ስለዚህ የእብጠት ሙከራው ከሥዕሉ በፊት ይሠራ።

የሮዱ ገጽ ለቴፍሎን ከ0.05 እስከ 0.2 ማይክሮሜትር አማካይ ሻካራነት ይኑረው። በብርጭቆ ወረቀት ወደ ሮዱ ርዝመት ማሸት የዘይት መንገድ ይከፍታል፤ ማሻሸቱ ሮዱ እየዞረ ይሁን። በተንግስተን ካርባይድ የተለበጠ ሮድ ካገኛችሁ ሳይለሰልስ አትግጠሙ፣ ሹል ጫፎቹ ከንፈሩን በጥቂት ሺህ ምልልስ ይጨርሱታል።

ሙከራውን እንዲህ አዋቅሩት። የቁስ ናሙናዎቹ የጎማን የጭመቃ ቅሪት ለመለካት በወጣው የአሜሪካ መስፈርት፣ በኤኤስቲኤም ዲ395 የሁለተኛው ዘዴ (ዘዴ ቢ) መሠረት 25 በመቶ ተጨምቀው በ175፣ በ200 እና በ225 ዲግሪ ይቆዩ፣ በ70፣ በ336 እና በ1,000 ሰዓት ይውጡ። በአየር ብቻ አይደለም፣ በዘይቱም ውስጥ፤ አየር ኦክስጅን አለው፣ ዘይት ደግሞ ያሳብጣል፣ ውጤታቸው አይገጥምም። ዘይት ውስጥ ገብቶ የወጣ ናሙና ከ5 እስከ 20 በመቶ ቢያብጥ ይታለፋል፤ ቢቀንስ ግን ጣሉት፣ ውስጡ የነበረውን ማለስለሻ ዘይቱ አጥቦታል። 225 ዲግሪው ለቁሱ ማፋጠኛ ነው፣ ከዘይቱ ወሰን በላይ ስለሆነ በአየር ብቻ አድርጉት።

የሲሊንደሩ ሙከራ ደግሞ በዑደት ይሁን፦ 200 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ክፍል ሙቀት፣ ከዚያ ወደ ብርድ። በየደረጃው በመጀመሪያ ከ3 እስከ 5 ባር ላይ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀጥሎ 207 ባር። ብዙ ሰው ዝቅተኛውን ግፊት ይዘለዋል፤ እናንተን ያጋለጣችሁ ፍሳሽ የሚታየው እዚያው ነው። ለብርዱ ተራ ፍሪዘር 18 ከዜሮ በታች ይሰጣችኋል፣ ለጅምር ይሆናል። የጤና ላቦራቶሪ 80 ከዜሮ በታች የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ቢፈቅድላችሁ ዘይቱን አፍስሳችሁ፣ በሁለት ድርብ ከረጢት አሽጋችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ስታወጡት ሙቀቱ 40 ከዜሮ በታች ሲደርስ በቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) አይታችሁ በቀዘቀዘ ዘይት ሙሉት። በእንቅስቃሴው ሙሉ ምት (የሮዱን ሙሉ ጉዞ) ብቻ አታስኪዱ፤ የአውሮፕላን መሪ አክቹዌተር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በአንድ ቦታ በጥቂት ሚሊሜትር ወዲያ ወዲህ በማለት ነው፣ ከንፈሩን ደረቅ የሚያደርገው ይኸው አጭር ምት ነው።

ስለ አደጋው። በዘይት ተሞልቶ የተዘጋ ሲሊንደር ሲሞቅ ግፊቱ በአንድ ዲግሪ እስከ 10 ባር ገደማ ይጨምራል። ከ25 ወደ 150 ዲግሪ የሄደ፣ መውጫ የሌለው ሲሊንደር ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ ሲላችሁ ባይይዝ ኖሮ እንዲያውም ፍሳሹ ነበር የሚያተርፋችሁ። ምድጃ ከመለኮሳችሁ በፊት ከሲሊንደሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ፣ በመካከሉ ቫልቭ የሌለው የግፊት ማስተንፈሻ በ230 ባር ይዘጋጅ፣ የሚወጣውም ዘይት ከምድጃው ውጪ ወዳለ ዕቃ ይግባ። ቀዩ ዘይት ከ82 ዲግሪ ጀምሮ ተቀጣጣይ ትነት ሊሰጥ ስለሚችል የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ዳግም አታስገቡት፤ 83282 ይህ ወሰኑ ከ205 በታች አይወርድም፣ ስለዚህ 200 ላይ ስትሠሩ የምድጃው መቆጣጠሪያ ከልኩ እንዳያልፍ ሁለተኛ፣ በራሱ የሚቆርጥ ቴርሞስታት ጨምሩ። የሞቀ ሲሊንደርን በብረት መከለያ ጀርባ እንጂ ፊት ለፊት ቆማችሁ አትዩት፤ በ200 ባር የሚወጣ ቀጭን የዘይት ክር ቆዳ ይበሳል፣ የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ አለበት።

የተረፉትን የቫይተንና የቴፍሎን ቁርጥራጮች ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉ። ሲቃጠሉ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል፣ ሳንባም አጥንትም የሚጎዳ ነው። በቶርኖው አካባቢም ሲጋራ አይጨስ፤ በጣት የተነካ የቴፍሎን ብናኝ በሲጋራ ጫፍ ሲቃጠል ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ሠርታችሁ የተሳካላችሁንም ሲል በሚበር አውሮፕላን ላይ ለመግጠም የአምራቹና የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ለዚያ መነሻ ብቻ ነው፣ በጥናቱ መግቢያ ላይ በግልጽ ጻፉት።